ረስተውት የነበረ መጽሐፍ በፖስታ ሲደርስ

ጥቅሉ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ መስቀለኛ ታስሮ፣ ጠርዞቹ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። አንዱ ማዕዘን መንገድ ላይ ተመትቶ ተጨፍልቋል። በቴምብሮቹ ላይ ካረፈው ማኅተም የሚነበበው ግማሹ ብቻ ነው። የላኪውን ስም አነበብኩ፤ አላውቀውም። የራሴን ስም አነበብኩ፤ ትክክል ነው። በትንሿ የጉምሩክ ወረቀት ላይ የጥቅሉ ይዘት በአንድ ቃል ተጽፏል፦ «መጽሐፍ»።

የቱ መጽሐፍ? ቆሜ አሰብኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። ሲባጎውን በመቀስ ቆርጬ ወረቀቱን ገለጥ ሳደርግ መጀመሪያ የታየኝ የደበዘዘ አረንጓዴ የጨርቅ ሽፋን ነበር። ርዕሱን ገና አላነበብኩም፤ ያኔ ግን ትዝ አለኝ። ያዘዝኩበት ምሽት፣ የተቀመጥኩበት ወንበር፣ ለምን እንደፈለግኩት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ግር ብሎ መጣ። በሞላ ስለሚሠሩ የግድግዳ ሰዓቶች ጥገና የተጻፈ፣ መታተም ካቆመ ብዙ ዘመን የሆነው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ከወራት በፊት ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ገዝቼው፣ በዝግተኛው ፖስታ እንዲላክልኝ ተስማምቼ፣ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ተረሳኝ።

የተሰማኝ ደስታ ከነገሩ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ያው ያገለገለ የጥገና መጽሐፍ ነው። የከፈልኩት እኔው፣ ያዘዝኩት እኔው። ባዘዝኩ በማግስቱ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ገጽ ገልጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነበር። ከተረሳኝ በኋላ ሲመጣ ግን ጥቅሉን እንደታቀፍኩ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ፈገግ ስል ቆየሁ። በመካከሉ ምን ተጨመረ? መጽሐፉ ያው ነው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደተለወጥኩ ደግሞ ፈታትቶ ማየት ይቻላል። ሰዎች ደስታ ሲመረመር ይጠፋል ይላሉ፤ በእኔ ላይ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ከቋንቋችን እንጀምር። «ረሳሁት» ስንል ድርጊቱ የእኛ ነው፤ ጥፋቱም እንደዚያው። «ተረሳኝ» ስንል ነገሩ ራሱ ነው ከእኛ ሾልኮ የሄደው። በሌላው ጫፍ «አስታወስኩ» አለ፤ ግንባራችንን አሽተን፣ ፈልገን ያመጣነው ማለት ነው። «ትዝ አለኝ» ግን ሳንጠራው የመጣውን ይናገራል፤ የግሡ ባለቤት ነገሩ ነው፣ እኛ ተቀባዮች ነን። የማወራው ደስታ የሚኖረው በ«ተረሳኝ» እና በ«ትዝ አለኝ» መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። መጽሐፉ አእምሯችን ውስጥ ቁልጭ ብሎ ካለ፣ መምጣቱ ተራ ርክክብ ይሆናል። ጨርሶ ከጠፋም የማናውቀው እንግዳ ይሆንብናል። ፈልገን ልናመጣው የማንችለው፣ ስናየው ግን የምናውቀው መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ ሁኔታ መኖሩን በቁጥር ለክቶ ካሳዩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ሰውየው ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየደረደረ፣ ያለ ስሕተት እስኪወጣው ድረስ በቃሉ ይይዝና፣ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ያጠና ነበር። ተፈታኙም ፈታኙም ራሱ ነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ዛሬ ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ «ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከ1 ቀን በኋላ 34 በመቶ፣ ከ1 ወር በኋላ 21 በመቶ ብቻ እናስታውሳለን» ይባላል። ይህ አለካኩን ያዛባል። ኤቢንግሃውስ ያስታወሳቸውን ቃላት አልቆጠረም። የለካው ዝርዝሩን ዳግመኛ ሲያጠና መጀመሪያ ከፈጀበት ጊዜ ምን ያህሉ እንደተረፈለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ በቃሉ ሊወጣው ያልቻለው ዝርዝር እንኳ፣ እንደገና ሲጠና ከአምስት አንድ እጅ ያህል ድካም ይቀንስለት ነበር። የጠፋ የመሰለው ነገር ሥር እንዳለው ይቆያል ማለት ነው። የእነዚህ ቁጥሮች ሥዕል በሆነው «የመርሳት ኩርባ» ላይ የሚጽፉ ሁሉ ቁልቁል መውረዱን ያሳዩናል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ መሬት አለመንካቱ ነው።

ዓይን ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይበረታል። ላየነው ነገር ያለን ትዝታ ከምንገምተው በላይ ሰፊ ነው። ሊዮኔል ስታንዲንግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ 10,000 ሥዕሎች እያንዳንዱን ለአፍታ ያህል እንዲያዩ ተደረገ። ከዚያ አንድ ያዩትንና አንድ ያላዩትን ጎን ለጎን ሲያሳዩአቸው፣ ከ100 ምርጫ 83 ያህሉን በትክክል ለዩ። እነዚያን ሰዎች «ያያችኋቸውን ሥዕሎች ዘርዝሩ» ቢሏቸው ከብዙው በጣም ጥቂቱን ብቻ ነበር የሚናገሩት። አይቶ ማወቅና ፈልጎ ማምጣት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ ይበልጣል።

አረንጓዴው ሽፋን ከርዕሱ ቀድሞ ለምን እንደነካኝም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ኤንደል ተልቪንግ እና ዶናልድ ቶምሰን በዚያው በ1973 እንደጻፉት፣ አንድን ትዝታ የሚቀሰቅሰው ምልክት ትዝታው ሲቀመጥ አብሮት የነበረው ነው። እኔ መጽሐፉን ሳዝዝ ፊቴ የነበረው የሽፋኑ ፎቶግራፍ ነው። ርዕሱን በችኮላ አልፌው፣ ያንን አረንጓዴ ቀለምና በጀርባው በኩል የተላጠውን ቦታ ግን ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ደጋግሜ ተመልክቼ ነበር። ቁልፉ ቀለሙ ነበር። የላኪው ስም በሩን አልከፈተውም፤ «መጽሐፍ» የሚለውም ቃል አልከፈተውም። ጨርቁ ከፈተው።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ እንሂድ፤ ወደ አለመጠበቅ። ቮልፍራም ሹልትስ የተባለው የነርቭ ተመራማሪ በዝንጀሮዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳትን እየተከታተለ አስገራሚ ነገር አየ። ለእንስሳው ሳይጠብቅ የጭማቂ ጠብታ ሲሰጠው ሕዋሳቱ ይነሣሣሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ መብራት እንዲበራ ሲደረግ፣ ከጊዜ በኋላ ሕዋሳቱ መብራቱ ሲበራ ተነሣሥተው ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ፣ መምጣት በነበረበት ቅጽበት ከተለመደው እንቅስቃሴያቸው በታች ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሹልትስ ከፒተር ዳያን እና ከሪድ ሞንታግ ጋር የደረሱበት ትርጓሜ እነዚህ ሕዋሳት የሚናገሩት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው የሚል ነው። (ዶፓሚን ደስታ ራሱ ነው እየተባለ የሚነገረው ልክ አይደለም። አንጎል ትምህርት የሚወስድበትና ወደ አንድ ነገር የሚሳብበት ምልክት እንደሆነ ብናስበው ይሻላል።)

ይህን ወደ ፖስታው ስናመጣው፣ በየሰዓቱ «ጥቅልዎ እዚህ ደርሷል» የሚል መልእክት የሚደርሰው ሰው መብራቱን እያየ ነው። ደስታው ወደ መልእክቱ ይሸጋገርና መጽሐፉ በር ላይ ሲደርስ የቀረው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ከዘገየ ይከፋዋል። የረሳው ሰው መብራት የለውም፤ የሚዘገይበትም ቀን የለም። መጽሐፉ ከየትም ያልተጠበቀ ሆኖ ይመጣል።

እርግጥ መጠበቅም የራሱ ጣዕም አለው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ጆርጅ ሎወንስቴይን እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳሳየው፣ ሰዎች መልካም ነገር ወዲያው ከሚደርሳቸው ጥቂት ቀን እያሰቡት ቢቆዩ የሚመርጡበት ጊዜ አለ። የተረሳው መጽሐፍ ግን ሁለቱንም ይሰጣል። ባዘዝኩበት ሳምንት ጠብቄዋለሁ፣ አስቤዋለሁ፣ ሰዓቱን ስጠግን ራሴን በምናቤ አይቻለሁ። ያ ደስታ በጊዜው ተቀምሶ አልቋል። ከዚያ ተረሳኝ፤ ከዚያ መጣ።

ጥቅሉን ከመክፈት በፊት ስላለችው ደቂቃም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው በችኮላ ያልፋታል። ቲሞቲ ዊልሰን፣ ዳንኤል ጊልበርትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለተቀመጡ ሰዎች የአንድ ዶላር ሳንቲም የተለጠፈበት ካርድ በድንገት ይሰጣቸው ነበር። የአንዳንዱ ካርድ ማን እንደሰጠውና ለምን እንደሆነ የሚያብራራ ይመስላል፤ የሌላው አያብራራም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስሜታቸው ሲጠየቅ፣ ነገሩ ግልጽ ያልሆነላቸው የተሻለ ደስታ ላይ ነበሩ። ለመልካም ነገር ምክንያት ስናገኝለት አጣጥፈን እናስቀምጠዋለን፤ ምክንያቱ እስኪገኝ ግን ዙሪያውን እንዞራለን። ያቺ የጉምሩክ ወረቀት የምትሠራው ይህንኑ ነው። ዓይነቱን ትነግረናለች፣ የትኛው እንደሆነ ትደብቅብናለች። እኔ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጥቅል ሲመጣ መቀሱን ወዲያው አላነሣም፤ ክብደቱን በእጄ አያለሁ፣ አድራሻው የተጻፈበትን እጅ ጽሑፍ እመለከታለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ።

ታዲያ ያልተጠበቀ መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ ያስደስታል? ወዳጅ በድንገት የላከው መጽሐፍም ያስደስታል፤ ደስታው ግን ሌላ ነው። እዚያ የምናገኘው ወዳጃችን ስለ እኛ ያሰበውን ነው። እዚህ መራጩ እኔ ነኝ፤ ግን ዛሬ ያለሁት እኔ አይደለሁም። የእናቴ የግድግዳ ሰዓት የቆመበትን ሳምንት አሁን እንደገና አየሁት። እሷ በየሳምንቱ እሁድ መሙያ ቁልፉን አስገብታ፣ በአፏ እየቆጠረች ትሞላው ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ሰዓቱ እኔ ጋር መጣ፤ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ቆመ። ያን ሰሞን እጠግነዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ሰዓቱም በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ገባ፤ የቆረጠውም ሰው አብሮት። ጥቅሉ ሲከፈት መጽሐፉን ብቻ አላገኘሁም፤ ያንን ሰው አገኘሁት። ስለ ራሴ እንደዚያ በርኅራኄ ያሰብኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እንዲህ ለመርሳት ግን የማይረሳ ሌላ ወገን ያስፈልጋል። ይህ የደስታው ክፍል ብዙም አይነገርለትም፤ እኔ ግን እጅግ እወደዋለሁ። መጽሐፉ እኔ ባላሰብኩባቸው ወራት ሁሉ የማያውቁኝ ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ አሳልፈውታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1874 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ 22 አገሮች የተፈራረሙት ስምምነት፣ ዛሬ የዓለም ፖስታ ኅብረት የምንለውን መሠረተ። ከዚያ በፊት ከአገር አገር የሚሄድ ደብዳቤ አገሮች ሁለት ሁለት ሆነው በተዋዋሉት ውል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ስምምነቱ አባል አገሮችን በሙሉ እንደ አንድ የፖስታ ግዛት ቆጠራቸው። በመጀመሪያው ደንብ እያንዳንዱ አገር የሸጠውን የቴምብር ገንዘብ ለራሱ ይዞ የሌላውን ደብዳቤ በነጻ ያደርስ ነበር፤ ሐሳቡም ለሄደው ደብዳቤ ሁሉ መልስ ስለሚመጣ ሒሳቡ ይመጣጠናል የሚል ነው። መጽሐፍ መልስ የማይጠይቅ መልእክት በመሆኑ ለዚህ ሒሳብ አስቸጋሪ ነበር፤ በኋላ ላይ አገሮች እርስ በርስ የሚከፋፈሉበት ክፍያ መጣ።

በተመዘገበ ጥቅል ላይ የሚለጠፈውን የመከታተያ ቁጥር አይታችሁት ታውቁ ይሆናል። በሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፣ ዘጠኝ አኀዞች ይከተላሉ፣ በላኪው አገር ሁለት ፊደላት ያበቃል። ከዘጠኙ የመጨረሻው አኀዝ የራሱ መልእክት የለውም፤ የስምንቱ ጠባቂ ነው። ለምሳሌ ስምንቱ አኀዞች 47312482 ቢሆኑ፣ በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 ይባዙና ይደመራሉ፤ ድምሩ 200 ይሆናል። 200 ለ11 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 2 ከ11 ሲቀነስ 9። ስለዚህ ዘጠነኛው አኀዝ 9 መሆን አለበት። አንድ ሠራተኛ መሽቶበት፣ ደክሞት፣ ከስምንቱ አንዱን ቢያሳስት ቁጥሩ አይገጥምምና ስሕተቱ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን መልእክት አማርኛ «የአደራ ደብዳቤ» ማለቱ ልብ ይነካል። እኔ ስተኛ፣ ስረሳ፣ አደራው ይጠበቅ ነበር።

ሽታውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ያረጀ መጽሐፍ ሲገለጥ የሚወጣው ሽታ ወረቀቱ ቀስ በቀስ ሲፈርስ የሚለቃቸው ተናኝ ውሕዶች ድብልቅ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ወረቀት በብዛት ከእንጨት ስለተሠራ ሊግኒን የተባለውን የእንጨት ክፍል ይዞ ይመጣል፤ እሱ ሲፈርስ ከሚሰጣቸው አንዱ ቫኒላን ቫኒላ የሚያሰኘው ቫኒሊን ነው። ማቲያ ስትርሊች እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዲህ ያሉ ውሕዶችን በመለካት የአንድን ወረቀት ይዞታ ገጹን ሳይነኩ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። የሽታ መልእክት ደግሞ እንደ ዓይንና እንደ ጆሮ ታላመስ በተባለው የአንጎል ማስተላለፊያ ክፍል በኩል ሳይዞር ለስሜትና ለትዝታ ወደሚያገለግሉት የአንጎል ክፍሎች በአጭር መንገድ ይደርሳል። ይህ መጽሐፍ ከዚያ በፊት በእጄ ገብቶ ስለማያውቅ ሽታው እሱን ሊያስታውሰኝ አይችልም ነበር። ያመጣልኝ በልጅነቴ የገለጥኳቸውን ሌሎች አሮጌ መጻሕፍት ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አያልቅም። አንድ ጊዜ የመጣልኝ ወፍራም ጥቅል ተከፍቶ፣ ርዕሱ ተነብቦ፣ መግቢያው ታይቶም ምንም ትዝ አላለኝም። ያዘዝኩት እኔ መሆኔን ደረሰኙ ይናገራል፤ የፈለግኩበት ምክንያት ግን ከሥሩ ተነቅሎ ሄዷል። የተሰማኝ ድንግርግር ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ መጽሐፉ ሲደርስ መደርደሪያዬ ላይ መንትያው ተቀምጦ ነበር፤ ማዘዜን ረስቼ ሁለተኛ ገዝቻለሁ። መርሳት ልኩን ሲያልፍ ኪሳራ ነው።

ደስታውን ሆን ብሎ ማዘጋጀት ይቻላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በከፊል እላለሁ። ቲንግ ዣንግ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ተራ ነገሮቻቸውን፣ ማለትም የቅርብ ጊዜ ወሬያቸውን፣ የሚሰሙትን ዘፈን፣ የዕለት ውሏቸውን መዝግበው ከሦስት ወር ያህል በኋላ እንዲያዩት ተደርጓል። ያኔ የተሰማቸው ጉጉትና መደነቅ አስቀድመው ከገመቱት ይበልጥ ነበር። የምንረሳው ስለማይመስለን ለራሳችን የምናስቀምጠው ጥቂት ነው። እኔ አሁን የማያስቸኩል መጽሐፍ ሳዝዝ ዝግተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ በየደረጃው መልእክት እንዲደርሰኝ አልጠይቅም። ደረሰኙን ግን አንድ ቦታ አኖራለሁ፤ በዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት ጠፋ ለሚባል ጥቅል ጥያቄ የሚቀርበው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነውና። በአምስተኛው ወር ላይ አንድ ማስታወሻ ይበቃል። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ መጽሐፉን ለፖስታው እተወዋለሁ።

ሰዓቱ አሁን ከቁም ሣጥን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል፤ የኋላ ሽፋኑ ተፈትቷል፤ መጽሐፉ ከጎኑ ክፍት ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ። የተጠቀለለ ሞላ ብዙ ኃይል ስለሚይዝ ጥርሶቹን ከመንካት በፊት በቁልፉ ይዞ ጥቂት በጥቂት ማላላት እንደሚገባ፣ ካልሆነ ተፈትልኮ እጅ እንደሚጎዳ ይናገራል። ከሥዕሉ አጠገብ ከእኔ በፊት መጽሐፉን የያዘ ሰው በእርሳስ አንድ መስመር አስምሮ «ቁልፉን አትልቀቅ» ብሎ ጽፏል። እርሳሱ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። የእናቴን መሙያ ቁልፍ አስገብቼ ይዤዋለሁ።